አርማታው ሳይፈስ፦ የኒውክሌር ማመንጫ ከመገንባቱ በፊት የሚደረግ የደህንነት ምርመራ

ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ ሰሜን፣ የፓስፊክ ውቅያኖስ ዳር፣ ቦዴጋ ሄድ የሚባል ወደ ባሕሩ የገባ መሬት አለ። እዚያ ውሃ የሞላው ትልቅ ጉድጓድ ይገኛል። «ሄድ» በእንግሊዝኛ ራስ ማለትም ስለሆነ የአካባቢው ሰው «ጭንቅላት ላይ ያለው ቀዳዳ» እያለ ይቀልድበታል። አሁን ኩሬ ነው። ሲቆፈር ግን የታሰበው ለኒውክሌር ማብላያ (የኒውክሌር ነዳጅ ሙቀት ለሚያመነጭበት ማሽን) ነበር። (እዚህ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ በ1950ዎቹ መጨረሻ ይጀምራል። ፓሲፊክ ጋዝ ኤንድ ኤሌክትሪክ የተባለው የመብራት ኩባንያ ቦታውን መረጠ። 325 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ሊሠራ አሰበ። ውሃ በቅርብ ነው፣ ከተማውም ሩቅ አይደለም። ችግሩ ያለው ከመሬቱ ሥር ነበር። በ1906 ሳን ፍራንሲስኮን ያወደመው የመሬት መንቀጥቀጥ የተነሳበት የሳን አንድሪያስ ስንጥቅ ከማብላያው ቦታ 300 ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል።

ነዋሪዎች ተቃወሙ። በ1963 ከ1,000 በላይ ፊኛዎችን ከቦታው ለቀቁ፤ አደጋ ቢደርስ ነፋሱ ጨረሩን ወዴት እንደሚወስደው ለማሳየት ነው። ጨዋታውን የቀየረው ግን ፊኛ አልነበረም። የመንግሥት ጂኦሎጂስቶች ራሱ ጉድጓዱ ውስጥ ወርደው ሌላ ስንጥቅ አገኙ። ኩባንያው መላ ዘየደ፦ ማብላያውን በአሸዋ ንጣፍ ላይ እናሳርፈዋለን፣ መሬቱ ከሥሩ ቢንሸራተትም ሕንፃው አይነካም አለ።

በጥቅምት 1964 ሁለት የሚጋጩ ሪፖርቶች ወጡ። ገለልተኛው የአማካሪዎች ኮሚቴ «ይቻላል» አለ። ፈቃድ ሰጪው የአሜሪካ የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን የራሱ ባለሙያዎች ደግሞ «ይህ የአሸዋ ዘዴ የትም አልተሞከረም፣ ቦታው አይሆንም» አሉ። ወሩ ሳያልቅ ኩባንያው ማመልከቻውን መልሶ ወሰደ።

ለእኔ የዚህ ሥራ ፍሬ ነገር ይኼ ነው። ምርመራው ጉልበት ያለው ገና ጉድጓድ ብቻ እያለ ነው። ከዚያ በኋላ «አይሆንም» የሚለው ቃል ዋጋው ሰማይ ይነካል። የጃፓኑን የጹሩጋ ሁለተኛ ማብላያ ተመልከቱ። በ1987 ሥራ ጀመረ። ከ2011 ጀምሮ ቆሟል። በኅዳር 2024 የአገሩ ተቆጣጣሪ እንደገና እንዳይነሳ ወሰነ፤ ምክንያቱም ከሥሩ ሊንቀሳቀስ የሚችል ስንጥቅ የለም ማለት አልተቻለም። ያው የቦዴጋ ጥያቄ ነው። እዚህ ግን የተጠየቀው ከ1,100 ሜጋ ዋት በላይ የሚያመነጭ የተጠናቀቀ ጣቢያ ላይ ነው።

አሠራሩ በየአገሩ ስሙ ይለያይ እንጂ አጥንቱ አንድ ነው። ሊገነባ የፈለገው ኩባንያ የደህንነት ትንተና ሰነድ ያቀርባል። በሺዎች የሚቆጠር ገጽ ነው። የማስረዳት ሸክሙ የአመልካቹ ነው፤ ተቆጣጣሪው «አደገኛ ነው» ብሎ ማረጋገጥ አይጠበቅበትም። ባለሙያዎቹ ያነባሉ፣ ይጠይቃሉ፣ መልሱ ካላረካቸው መልሰው ይጠይቃሉ። ዋና ዋናዎቹን ስሌቶች በራሳቸው ኮምፒውተር እንደገና ይሠራሉ። የሚገርመው፣ አሜሪካ ውስጥ ኩባንያው ለሚመረምሩት ሰዎች ሰዓት ራሱ ይከፍላል። በቅርብ ዓመታት ሒሳቡ በሰዓት 300 ዶላር ገደማ ነበር። የተንዛዛ ሰነድ ያመጣ፣ ክፍያውም ይንዛዛበታል ማለት ነው።

ከሁሉ በፊት የሚመረመረው ቦታው ነው። መሬቱ ምን ያህል ይናወጣል? ጎርፉ፣ ባሕሩ፣ ወንዙ እስከ የት ሊደርስ ይችላል? በአካባቢው ስንት ሰው ይኖራል? ቢያስፈልግ በየትኛው መንገድ ይወጣል? በዚህ ክፍል የሚሠራ ስህተት ዕድሜ ልክ ይከተላል። የጃፓኑ የፉኩሺማ ማመንጫ ምስክር ነው። የመጀመሪያው ማብላያ ፈቃድ ያገኘው በ1966 ነው። በዲዛይኑ የታሰበው የሱናሚ ከፍታ 3.1 ሜትር ብቻ ነበር። ቁጥሩ የመጣው በ1960 ከቺሊ ተነስቶ እስከ ጃፓን ከደረሰው ማዕበል ነው። ቦታው ደግሞ ከባሕር ወለል ከ30 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ገደል ነበር። ማብላያው ጠንካራ አለት ላይ እንዲያርፍ፣ የባሕር ውሃ መሳቡም እንዲረክስ ተብሎ ወደ 10 ሜትር ተቆርጦ ዝቅ አለ። በመጋቢት 2011 የመጣው ውሃ 14 ሜትር ገደማ ደረሰ። ምድር ቤት የነበሩት የመጠባበቂያ ጄኔሬተሮች ተጥለቀለቁ።

በዚያው ጠረፍ፣ ለመሬት መንቀጥቀጡ መነሻ ይበልጥ ቅርብ የሆነው የኦናጋዋ ማመንጫ ግን ተረፈ። የተሠራው 14.8 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ያኖሱኬ ሂራይ የሚባል መሐንዲስ የድሮ ሱናሚዎችን ታሪክ እያነሳ ከፍ ይበል ብሎ ድርቅ ብሎ ነበር። ሱናሚው ቤታቸውን የወሰደባቸው ከ300 በላይ የአካባቢው ሰዎች የተጠለሉት እዚያው ማመንጫ ግቢ ውስጥ ነው። ሰው ከአደጋ ሸሽቶ ኒውክሌር ጣቢያ ሲገባ መቼ ታይቶ ያውቃል?

ከቦታው ቀጥሎ ማሽኑ ይመጣል። ኤሌክትሪክ ምጣድ ከሶኬት ቢነቀልም ግለቱ ወዲያው አይጠፋም፤ አንድ እንጀራ ያወጣል። ማብላያም እንደዚያው ነው፣ ነገር ግን ይብሳል። ምጣዱ የያዘውን ሙቀት ነው የሚጨርሰው። የኒውክሌር ነዳጅ ግን ማብላያው ከጠፋ በኋላም አዲስ ሙቀት ያመነጫል። በጠፋበት ቅጽበት ሙቀቱ ከሙሉ ኃይሉ 6 ወይም 7 በመቶ ነው። በአንድ ቀን ከ1 በመቶ በታች ይወርዳል። ትንሽ ይመስላል። የ3,000 ሜጋ ዋት ሙቀት 1 በመቶ ግን 30 ሜጋ ዋት ነው፣ ያለማቋረጥ መወሰድ ያለበት። ስለዚህ መርማሪው ደጋግሞ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ መብራት ጠፍቶ፣ ጄኔሬተሩም እምቢ ቢል፣ ነዳጁን ምን ያቀዘቅዘዋል? አንዳንድ አዳዲስ ዲዛይኖች ከላይ የተቀመጠ ውሃ በራሱ ክብደት እንዲወርድ የሚያደርጉት ለዚህ ነው።

ቀሪው ስለ መከላከያዎቹ ነው፦ የነዳጁ እንክብል፣ ዚርኮኒየም ከተባለ ብረት የተሠራው ሽፋኑ፣ ወፍራሙ የብረት ጋን፣ በመጨረሻም የአርማታ ሕንፃው። አንዱ ቢበሳ ሌላው እንዲይዝ ነው።

መርማሪው የማን ሰው ነው የሚለውም ትልቅ ጥያቄ ነው። የአሜሪካው የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን ኒውክሌርን የሚያስፋፋውም የሚቆጣጠረውም ራሱ ነበር። በ1974 በወጣ ሕግ ለሁለት ተከፈለና ቁጥጥሩ በቀጣዩ ዓመት ለኒውክሌር ቁጥጥር ኮሚሽን ተሰጠ። ጃፓን ይህን ያደረገችው ከፉኩሺማ በኋላ በ2012 ነው። ጅብ ከሄደ በኋላ እንደሚጮኸው ውሻ መሆኑ ነው።

ጊዜስ? ብሪታንያ ውስጥ ለሳይዝዌል ቢ የኒውክሌር ማመንጫ የተደረገው ሕዝባዊ ምርመራ ከ1983 እስከ 1985 ለ340 የስብሰባ ቀናት ቆየ። በአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት የቮግትል ማመንጫ ሦስተኛና አራተኛ ማብላያዎች ማመልከቻ የገባው በ2008 ሲሆን ፈቃዱ በየካቲት 2012 በ4 ለ1 ድምፅ ጸደቀ። ተቃውሞ የሰጡት የኮሚሽኑ ሊቀ መንበር ግሬጎሪ ያዝኮ ነበሩ፤ ከፉኩሺማ የተገኘው ትምህርት በፈቃዱ ውስጥ በግዴታ አልተካተተም ብለው። ግንባታው ግን እስከ 2023 እና 2024 ተጎተተ። ለመዘግየቱ ሁሉ «ተቆጣጣሪው አስቸገረን» የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያዩ ጥሩ ነው። ምርመራው አራት ዓመት፣ ግንባታው ከአሥር ዓመት በላይ።

ወደ እኛ ሰፈር ስንመጣ፣ ግብፅ ኤል ዳባ ላይ እያንዳንዳቸው 1,200 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ አራት ማብላያዎችን ከሩሲያው የኒውክሌር ኩባንያ ሮሳቶም ጋር እየገነባች ነው። የግብፅ ተቆጣጣሪ ለመጀመሪያው ፈቃድ የሰጠው በሰኔ 2022 ነው፤ አርማታው በሐምሌ ፈሰሰ። ኢትዮጵያም በመስከረም 2018 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ከሮሳቶም ጋር የኒውክሌር ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር ተፈራርማለች። የቦዴጋ ጥያቄ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌና ዱለቻ አካባቢ በተከታታይ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው አፈናቅሏል፤ ንዝረቱ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ላሉ ብዙ ሰዎችም ተሰምቷቸዋል። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ፈቃድ አይሰጥም፣ አይከለክልምም። አገር ከጠየቀ ግን የቦታ መረጣውን የሚፈትሽ የባለሙያ ቡድን ይልካል። ፈራሚው የአገሩ ተቆጣጣሪ ነው። ከመፈረሙ በፊትም መሬቱ ለዓመታት መለካት አለበት።