ስለ ደሴ የሚወራው እና እውነታው

እንግዳ ተቀብሎ ደሴን ማሳየት ሥራዬ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው ገና ከመኪና ሳይወርድ ያንኑ የተሳሳተ ወሬ ይነግረኛል። ማስረዳቱ ሰልችቶኛል፤ እስቲ አንዴ ልጻፈው።

«ወሎ በረሃ ነው፣ ደሴም ትሞቃለች።» አትሞቅም። ጦሳ ተራራ ሥር፣ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለችው። ክረምት ላይ ጉሙ ፒያሳን ይውጣታል። የሚሞቀው ኮምቦልቻ ነው፤ በሐረጎ ጠመዝማዛ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ነው። ጃኬት ያዙ።

«ደሴ አውሮፕላን ማረፊያ አላት።» ማረፊያው ኮምቦልቻ ነው።

«ወደ ላሊበላ ስንሄድ አድረንባት እናልፋለን፣ የሚታይ የላትም።» ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት አይጠየፍ አዳራሽ እዚሁ ነው። ህዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እዚህ ነበሩ። የውጫሌ ውል የተፈረመባት ውጫሌም እናንተ ሳትቆሙ የምታልፉበት መንገድ ላይ ናት።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ይሄኛው ነው፦ «ወሎዬ ሃይማኖቱ ድብልቅልቅ ነው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያው ነው።» ሰዎች ይህን የሚሉት ለማመስገን ነው። ለእኔ ግን ወገኔ እምነቱን አያውቅም እንደማለት ነው።

ደሴ ሠርግ ከተጠራችሁ ጓዳውን እዩት። ደጋሹ ሙስሊም ከሆነ ለክርስቲያን ጎረቤቶቹ በግ ለብቻ ይገዛል። በክርስቲያን እጅ ይታረዳል፣ በሌላ ድስት ይሠራል። ደጋሹ ክርስቲያን ከሆነም ለሙስሊሞቹ እንዲሁ ይደረጋል። ወጪው እጥፍ፣ ድካሙም እጥፍ ነው። እምነቱ የላላ ሰው ይህን ሁሉ ምን አደከመው? አብረን የምንኖረው ልዩነቱን ስለረሳነው ሳይሆን ስለምንጠነቀቅለት ነው።

አንድ እንግዳዬ ሙስሊም ምግብ ቤት ገብቶ ለክርስቲያኑ ሾፌራችን ሳይጠይቀው ጥብስ አዘዘለት። «ወሎ ውስጥ ችግር የለውም» አለኝ። ሾፌሩ ሳህኑን በትህትና ገፋ አድርጎ ሽሮ አዘዘ። ጠይቁ እንጂ! መጠየቅ ነውር አይደለም። የሚያስቀይመው ሳይጠይቁ መወሰን ነው።

«ከጥንት ጀምሮ ተጋጭተው አያውቁም» የሚለውም ስህተት ነው። በ1870 ዓ.ም. እዚሁ አጠገባችን ቦሩ ሜዳ ላይ የሃይማኖት ጉባኤ ተደርጎ ነበር። ከዚያ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠመቁ፤ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት እሳቸው ናቸው። እንደ ሼህ ጦልሃ ያሉት የሙስሊሙ የሃይማኖት መሪዎች ደግሞ እምቢ ብለው ተፋለሙ። የዛሬው አብሮነት ከዚህ ሁሉ መከራ በኋላ በጎረቤት፣ በጋብቻና በለቅሶ ድንኳን የተገነባ ነው። እንዲሁ ከሰማይ አልወረደም። ይህን ሳያውቅ «ፍቅር ናችሁ» የሚለኝ ሰው አያቶቻችን የከፈሉትን ያቃልልብኛል።

ስለዚህ ቡና ከተጠራችሁ አቦልን ጠጥታችሁ አትነሱ፤ በረካ እስኪደርስ ተቀመጡ። ምርቃት ሲጀመር እጃችሁን ዘርግታችሁ «አሚን» በሉ። ስለ ወሎ ከእኔ የበለጠ የሚነግሯችሁ ቡናውን የሚያፈሉት እናቶች ናቸው።

ስለ አካባቢው ሁለት ነገር ልጨምር። «ሐይቅ እስጢፋኖስ ያለ ጀልባ አይደረስም» ይላሉ። ድሮ ደሴት ነበር፤ አሁን ከየብስ ጋር ስለተያያዘ በእግር ይገባል። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሴቶች ወደ ወንዶቹ ገዳም አይገቡምና እህቶቼ ይህን አውቃችሁ ኑ፤ በር ላይ ደርሳችሁ አትዘኑ። የገበያ ከተማዋን ባቲን ደግሞ «በማንኛውም ቀን ብንሄድ ያው ነው» የሚሉ አሉ። ትልቁ ገበያ ሰኞ ነው። እሁድ ኮምቦልቻ እደሩና ሰኞ በጠዋት ተነሡ፤ አፋሮቹ ግመሎቻቸውን ይዘው ሲገቡ ትደርሳላችሁ።