በገና ካልነዘረ ነው የታመመው፦ ከሠሪ እጅ ስንገዛ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሳምንት ሲቀረው የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ በጠዋት ደወለችልኝ። ከሠሪው ተረክባ የወሰደችው አዲስ በገና እንቅልፍ ነስቷታል። «አንቺ፣ ዝንብ የገባበት ነው የሚመስለው! እያንዳንዱ አውታር ይነዝራል። ልመልሰው ባጃጅ ጠርቻለሁ» አለችኝ። ባጃጁን መልሺው፣ በገናውን እንዳትመልሺ አልኳት። እሷ ቀደም ሲል ጊታር ትሞክር ነበር፤ ጊታር ደግሞ ከነዘረ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው።

እዚህ ባሕር ዳር በሰንበት ትምህርት ቤታችን በገና ተማሪው ሲበዛ መሣሪያ የሚያዝዘውም በዛ፣ ከአዛዡ ጋር ወሬውም በዛ። ከዚያ ወሬ ግማሹን አምኜ ገንዘቤን ከስሬበታለሁና የማውቀውን ልበል።

«የሚነዝር በገና ተበላሽቷል»

በገናን በገና የሚያሰኘው ያ ንዝረት ነው። በእያንዳንዱ አውታርና በበርኩማው (አውታሮቹ ተደግፈው በሚያልፉበት እንጨት) መካከል እንዚራ የምትባል ትንሽ የታጠፈች ቆዳ ትገባለች። ሠሪው እንዚራዋን ወደፊትና ወደኋላ እየገፋ፣ አውታሩ ሲመታ የበርኩማውን ጠርዝ ደጋግሞ ለኮፍ ለኮፍ እስኪያደርግ ድረስ ያስተካክላታል። ያ መነካካት ነው ድምፁን የሚያወፍረውና የሚያስረዝመው። የህንዶቹ ታንፑራም ተመሳሳይ ጉዳይ አለው፤ እነሱ በቆዳ ፈንታ ቀጭን ክር ያስገባሉ።

የአሁኑን በገናዬን ልረከብ የሄድኩ ቀን ሠሪው ቤት ከሰዓቱን ሙሉ ተቀምጬ አየሁ። አንዷን እንዚራ በጥፍሩ የጤፍ ቅንጣት ታህል ገፋት፤ ድምፁ ደረቀ፣ እንደ ክራር «ጥም» ብሎ ቀረ። መለሳት፤ አሁን ደግሞ አውታሩ ተንኳኳ፣ የላላ የመስኮት መስታወት ይመስል። ሦስተኛ ጊዜ ሲነካት አውታሩ ረዥም፣ ወፍራም ድምፅ አወጣ፣ እኔም ዝም አልኩ። ይህን ለ10ሩም አውታር አንድ በአንድ ይሠራዋል። «ጋሼ፣ ንዝረቱ ቢቀንስስ?» ብዬ ጠየቅሁት፤ እጁን እንኳ ሳያነሳ «ልጄ፣ ዝም ያለ በገና ከፈለግሽ ክራር ልሥራልሽ» አለኝ።

እና ስትገዙ የምታዳምጡት ሁሉም አውታር በተቀራራቢ መጠን መንዘሩን ነው። አንዱ እያዜመ ጎረቤቱ የሚንኳኳ ከሆነ ሥራው አላለቀም። የባልደረባዬን በገና ማታ ሄጄ ሰማሁት፤ ዘጠኙ ደህና ናቸው፣ የአንዱ እንዚራ ባጃጅ ውስጥ ሲንገጫገጭ ተንሸራታለች። በቃ።

«ቅርጹ ያማረ፣ የሚያብረቀርቅ በገና ጥሩ ነው»

የመጀመሪያ በገናዬን የገዛሁት ከሐይቁ ዳር ካለ የስጦታ ዕቃ መሸጫ ነው። ቀንበሩ (ከላይ የተጋደመው እንጨት) ላይ መስቀል ተፈልፍሎበታል፣ በግራና በቀኝ የቆሙት ምሰሶዎች ላይ ሐረግ ተስሎባቸዋል፣ ገበቴው (ከታች ያለው ድምፅ የሚያስተጋባው ሣጥን) ከነቆዳው በቫርኒሽ ተለቅልቆ ፊት ያሳያል። ቤት ወስጄ ስመታው እንደ ካርቶን ነው የጮኸው። መምህራችን ገልበጥ አድርገው አዩትና በርኩማው በማስቲሽ የተለጠፈ፣ እንዚራ የሚባል ነገር ጭራሽ ያልገባበት፣ መቃኛዎቹም ሲዞሩ የማይዙ መሆናቸውን አሳዩኝ። ግድግዳ ላይ ሊሰቀል የተሠራ ዕቃ ነበር፤ አሁንም ግድግዳ ላይ ነው ያለው።

ጌጥ ኃጢአት የለበትም፤ በጣና ገዳማት ሥዕሎች ላይ ንጉሥ ዳዊት ይዞት የሚታየው በገናም ያጌጠ ነው። ነገር ግን ቆዳ የሚያስተጋባው ሲላወስ ነው፣ ቫርኒሽ ደግሞ ያደርቀዋል። ከጌጡ በፊት ሦስት ቦታ እዩ፦ ምሰሶው ገበቴው ውስጥ የገባበትን መጋጠሚያ፣ ቆዳው በጠፍር የተሰፋበትን ጠርዝ፣ መቃኛው ቀንበሩን ይዞ መቆሙን።

«የዘጌ ዋንዛ ነው»

ይህን የማይል ሻጭ አላጋጠመኝም። ወይ የዘጌ ዋንዛ ነው፣ ወይ ከደብር ቅጥር የወጣ ጽድ ነው። ዘጌ፣ ጣና ዳር ያለው የገዳማት ቦታ፣ በሬ ጠምዶ ማረስ በገዳሙ ሥርዓት ክልክል ሆኖ ስለኖረ ደኑ የተረፈ ቦታ ነው፤ የደብር ደንም እንደ ልብ መጥረቢያ የሚገባበት አይደለም። እንግዲህ ይህ ሁሉ በገና ከዚያ ከወጣ ደኑ እስካሁን ባላለ ነበር! ደግሞስ ዋንዛ ከየት እንደመጣ በዓይን አይታወቅም። ዋንዛ ለሥራ ገር፣ ክብደቱም መካከለኛ ስለሆነ ይወደዳል፤ ከሌላ እንጨት የተሠራ ጥሩ በገናም አለ።

የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ መቼ ተቆረጠ? በወጉ ሳይደርቅ የተጠረበ እንጨት እዚህ ከተማ ክረምቱን ጠጥቶ፣ በጋው ሲመጣ ይሰነጠቃል። የእኔ ሠሪ ግንዱን ጥላ ውስጥ አስቀምጦ ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ያሳልፍበታል። ለዚህ ነው «በሳምንት አደርስልሻለሁ» የሚል ሠሪ የማያስደስተኝ፤ የደረቀ እንጨት አስቀድሞ ከሌለው በሳምንት የሚደርሰው እርጥቡ ነው።

«10 አውታር አለው፣ ስለዚህ 10ሩም ይመታል»

በጣት ሲደረደር የሚመቱት አምስት ወይም ስድስት ናቸው። የቀሩት ጣት መትቶ ሲመለስ የሚያርፍባቸው ናቸው፤ 10ሩም የሚሠሩት በመምቻ ሲመታ ነው። ቅኝቱ አምስት ድምፅ ስለሆነ አንዳንዱ አውታር የሌላውን ድምፅ ይደግማል። እና ሻጩ ፊት ሁሉንም እየነካካችሁ «ይሄና ይሄ አንድ ዓይነት ነው፣ ተሳስቷል» አትበሉ። እኔ ብያለሁ፤ አፍሬያለሁ።

ስልክ ላይ መቃኛ ጭኖ የሚመጣም አለ። ስልኩ የፒያኖን ድምፅ ያውቃል፤ የእናንተን ጉሮሮ አያውቅም። በገና የሚቃኘው በሚያዜመው ሰው ድምፅ ልክ ነው፣ ወፍራም ድምፅ ላለው ዝቅ፣ ቀጭን ላለው ከፍ ይላል። ስለዚህ ደህና ሠሪ ሲያስረክባችሁ ከኪሱ ስልክ አያወጣም፣ «እስቲ አንድ ነገር በዪ» ይላል።

«ናይለን የተወጠረበት በገና አይደለም»

ከበግ አንጀት የተሠራው ጅማት ድምፁ ይበልጣል፣ ይህን አልክድም። ሲነካ ሞቅ ይላል፣ ሲነዝርም ሸካራ ውበት አለው። ግን ውድ ነው፣ ይበጠሳል፣ እርጥበት ሲበዛ ይረግባል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ሐይቅ ዳር የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ጅማት የተወጠረበትን በገና ጠዋት ቃኝተህ ከሰዓት ሌላ ሆኖ ታገኘዋለህ። ጣቱን ገና የሚያፍታታ ተማሪ ናይለን ወጥሮ ቢጀምር ምንም አይቀርበትም። አታላይነቱ ናይለኑን ጅማት ነው ብሎ በጅማት ዋጋ መሸጡ ላይ ነው። ናይለን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥና ለስላሳ ነው፤ በእጅ የተገመደ ጅማት በጣት ስትከተሉት እዚህም እዚያም ጎርበጥ ይላል።

አጭር መልስ የሚበቃቸው ደግሞ እነዚህ ናቸው። «ግራኝ ስለሆንኩ ለግራ ይሠራልኝ» ለሚል፦ በገና ሁሉም በግራ እጁ ነው የሚደረድረው፤ ለአንድ ጊዜ ዕድል የእናንተ ሆኗል። «ለሴት አይሆንም» ለሚል፦ በ1910 ዓ.ም. ያረፉት እቴጌ ጣይቱ ብጡል በገና ደርዳሪ ነበሩ፤ ክርክሩን ለእሳቸው ትቼዋለሁ። «የካህናት ነው፣ ቅዳሴ ላይ ነው የሚመታው» ለሚል፦ ለማኅሌቱ ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ አሉ፤ በገና የቤት ጸሎትና የተመስጦ መሣሪያ ነው፣ ምእመን ገዝቶ ቤቱ ቢያኖረው ከማንም አልነጠቀም።

«ጾም ሲገባ እገዛለሁ፣ ከገዛሁ በኋላ ከሠሪው ጋር ምን አለኝ?»

ሁለቱም ስህተት ናቸው፣ ሁለተኛው ይብሳል። ጾሙ 55 ቀን ነው፤ ሰው ሁሉ ትዝ የሚለው ያኔ ስለሆነ ሠሪው ቤት ወረፋው አያድርስ ነው፣ የተጣደፈ እንዚራም ያኔ ይበዛል። ጥቅምትና ኅዳር እዘዙ። ቀብድ ስትሰጡ መጠኑን ተቀምጣችሁ ተለኩ፤ ቁመቱ አንድ ሜትርን የሚያልፍ ዕቃ ስለሆነ አጭር ሰው ግራ እጁ አውታሩ ላይ ሳይንጠራራ መድረሱን ቆሞ ሳይሆን ቁጭ ብሎ ነው የሚያውቀው። ቀሪውን የምትከፍሉት ተቃኝቶ፣ ተደርድሮ ከሰማችሁት በኋላ ይሁን። ትርፍ አውታርና ጥቂት እንዚራ በዚያው ጠይቁ፤ ቆዳ ነው፣ ያልቃል።

ከክረምቱ በኋላ ደግሞ መልሳችሁ እንደምትወስዱት ከመጀመሪያው ተነጋገሩ። በእርጥበቱ ቆዳው ይረግባል፤ አንዳንዱ እንደ ከበሮ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፣ ከበሮው ይችለዋል፣ የበገናው መጋጠሚያ ግን ይከፈታል። እኔ መስቀል ካለፈ በኋላ በነጠላ ጠቅልዬ ባጃጅ ላይ እጭነዋለሁ። የባጃጁ ልጅ በየዓመቱ «እህቴ፣ ወንበር ነው?» ይለኛል።

ዘንድሮ ስደርስ ሠሪው ግቢ ውስጥ የብዙ ሰው በገና ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ቀንበራቸው ላይ ስማቸው በነጭ ፕላስተር ተለጥፏል። የእኔን አነሳው፣ ሁለት እንዚራ ቀየረ፣ ጠፍሩን አጠበቀ፣ ከዚያ «በይ እስቲ» አለኝ። አንድ መስመር አዜምኩ። ትክ ብሎ አየኝና በገናውን ከግድግዳው አስደገፈው።

«ጉንፋን ይዞሻል። በዚህ ድምፅ አልቃኝልሽም፤ ሲለቅሽ ነዪ።»