አንስቶ መፈጥፈጥ፦ በኤምኤምኤ የሚፈቀደውና የሚከለከለው

በኤምኤምኤ (ቡጢን፣ እርግጫንና ትግልን የሚቀላቅል ስፖርት) ግጥሚያ ተጋጣሚን ከመሬት አንስቶ መፈጥፈጥ የተለመደ ነው። በዚያ ብቻ በዝረራ ማሸነፍ ግን ብርቅ ነው። አብዛኛው ዝረራ የሚመጣው በቡጢ፣ በእርግጫ ወይም በጉልበት ምት ነው። ለዚህም ይመስለኛል አንስቶ የፈጠፈጠ ሰው ቪዲዮ ሃያ ዓመት ቢያልፈውም አሁንም ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞረው። ጀሞ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ የሚኖር ወጣት የላስ ቬጋስን የቅዳሜ ማታ ግጥሚያ እሁድ ንጋት ላይ ያያል። ከሰዓት ከጓደኞቹ ጋር ኮሚናል ውስጥ ሊሞክረው ይነሳል። ቪዲዮው ውስጥ የሌለው ሕጉ ነው።

ትልቁ የኤምኤምኤ ውድድር አዘጋጅ ዩኤፍሲ በ1993 ሲጀመር የተከለከሉት ነገሮች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ አብዛኛው ትልቅ ውድድር የሚመራበት «የተዋሃደ ሕግ» መልክ የያዘው በ2001 ኒው ጀርሲ ውስጥ ነው። በዚህ ሕግ ከተዘረዘሩት ፋውሎች አንዱ ተጋጣሚን በጭንቅላቱ ወይም በአንገቱ መሬት ላይ መትከል ነው። ዳኛው የሚፈልገው ምልክት ግልጽ ነው። እግር ወደ ሰማይ፣ ጭንቅላት ቀጥ ብሎ ወደ መሬት፣ ከዚያ በኃይል ቁልቁል። ቅጣቱ ከማስጠንቀቂያ ይጀምርና ነጥብ እስከ መቀነስ፣ ከውድድር እስከ መሰረዝም ይደርሳል። ተጋጣሚን አዙሮ፣ ቅስት እንዲሠራ አድርጎ መጣል ግን ይፈቀዳል። የትግል ሰዎች ሱፕሌክስ የሚሉት ውርወራ የሚገባው እዚህ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ ቀጥሎ ባለው ላይ ነው። አንዱ ሌላውን አንቆ ወይም ክንዱን ጠምዝዞ ይዞታል እንበል። የተያዘው ሰው የያዘውን ተሸክሞ መነሳት ከቻለ፣ እንደፈለገ ሊያወርደው ይፈቀድለታል። በጭንቅላቱም ቢሆን። በሕጉ አስተሳሰብ የተሸከመው ሰው የተጋጣሚውን ገላ አልተቆጣጠረም፤ ተንጠልጥሎ የቀረው ያነቀው ራሱ ነው። መሬት ሳይደርስ መልቀቅ ወይም አያያዙን መቀየር ይችላል። ስለዚህ ዳኛው የከፍታውን ልክ አይለካም። ማን ማንን ይዞ ነበር? ማን መልቀቅ ይችል ነበር? ፍርዱ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው።

ይህን ለማየት ከ2001ዱ የማት ሂዩዝና የካርሎስ ኒውተን ግጥሚያ የተሻለ የለም። ዩኤፍሲ 34 በተባለው ምሽት ነበር። የሻምፒዮንነት ቀበቶው በኒውተን እጅ ነው። በሁለተኛው ዙር ኒውተን ሂዩዝን በትራያንግል ያዘው። ትራያንግል ማለት በሁለት እግር የተጋጣሚን አንገትና አንድ ክንድ አንድ ላይ ቆልፎ ማነቅ ነው። ሂዩዝ እየታነቀ ኒውተንን ትከሻው ላይ ተሸክሞ ተነሳና አጥሩ ላይ አስደገፈው። ኒውተን እግሩን አልፈታም። ሂዩዝ ይዞት ወደቀ፤ የኒውተን ጭንቅላት መሬቱን መታ፣ ራሱን ሳተ። ሂዩዝም በማነቂያው ደንዝዞ ስለነበር ማሸነፉን ለመረዳት ጊዜ ወስዶበታል። ቀበቶው ግን የእሱ ሆነ።

ሰኔ 2004 ጃፓን ሳይታማ ውስጥ፣ በፕራይድ ውድድር፣ ኩዊንተን ጃክሰን ሪካርዶ አሮናን በተመሳሳይ መንገድ ዘረረው። እዚያም ትራያንግል፣ እዚያም ያልተፈታ እግር። በዚያው ምሽት ኬቨን ራንድልማን ፌዶር ኤሜሊያኔንኮን በሱፕሌክስ አንገቱ ላይ ጣለው። ያየ ሁሉ አለቀ ብሎ ነበር። ፌዶር ግን ብዙም ሳይቆይ የራንድልማንን ክንድ ጠምዝዞ አሸነፈ። በሴቶች በኩል የሚነሳው የግንቦት 2019ኙ የሪዮ ግጥሚያ ነው። ጄሲካ አንድራዴ ሮዝ ናማጁናስን አንስታ ፈጠፈጠቻትና ቀበቶውን ወሰደች። ናማጁናስ ስትነሳ የአንድራዴን ክንድ ለመጠምዘዝ እንደያዘች ነበር። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልቆመም፤ በእኔ እይታ ግን ያ መያዝ ነገሩን ሕጋዊ ያደርገዋል።

ሌሎቹ ስፖርቶች ከዚህ ይጠነክራሉ። በጁዶ ምንጣፍ ላይ የተኛን ተጋጣሚ አንስቶ መልሶ መፈጥፈጥ ከውድድር ያስወጣል። በብራዚል ጁጁትሱም እንዲሁ። ሣር ላይ በምናውቀው የልጅነት ትግል ደግሞ ጠልፎ የጣለ አሸነፈ፣ ነገሩም እዚያው አለቀ።

በአዲስ አበባ ዳርቻ ጉዳዩን የሚያከብደው ወለሉ ነው። በኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ስልጠና የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ኮሚናል ወይም የተከራየ ክፍል ውስጥ ነው። ወለሉ ሊሾ ነው። ከላይ የሚነጠፈው እርስ በርሱ የሚገጣጠም ስስ ፎም ነው፤ ሁለት ሰው ሲታገልበት ይንሸራተትና መሃሉ ይከፈታል። ከአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ የተለቀቀ ሰው መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ ከአምስት ሜትር ይበልጣል፣ በሰዓት 19 ኪሎ ሜትር ገደማ። የጣይው ጉልበትና ክብደት ሲጨመርበት ስስ ፎም ምንም አያድንም። የዩኤፍሲ ሸራ ሥር ትራስ መሰል ንጣፍ እንዳለ ቪዲዮ የሚያይ ልጅ አያስተውልም።

ሌላው የስልጠናው ባህል ነው። እዚህ ሥር የሰደዱት ቴኳንዶ፣ ውሹና ኪክ ቦክሲንግ ናቸው። እርግጫና ቡጢ በደንብ ይማራሉ። አወዳደቅ ግን የጁዶና የትግል ትምህርት ነው፣ እሱን ሳይማሩ ወደ ኤምኤምኤ የሚሻገሩ ብዙ ናቸው። ለቡ አካባቢ ያየሁት አንድ ማስተር ይህን ገብቶታል። ተማሪዎቹን መጀመሪያ ቁጢጥ ብለው ወደ ኋላ እንዲወድቁ ያደርጋል። አገጭ ደረት ላይ፣ ክንድ ተዘርግቶ ምንጣፉን ይመታል፣ ጭንቅላት መሬት አይነካም። ከዚያ ትራያንግል ያስይዛቸውና የተያዘው ቀስ ብሎ እንዲነሳ ያዛል። «መቀመጫህ ከምንጣፉ ሲለቅ እግርህን ፍታ!» ይላል፣ ደጋግሞ። ቀጥሎ የሚያሳየው በነፃ እጅ የተነሺውን እግር ከውስጥ መጥለፍን ነው፤ እግሩ የተጠለፈ ሰው ቀጥ ብሎ መቆም አይችልም። በእሱ ስልጠና ማንሳት ይፈቀዳል፣ መፈጥፈጥ አይፈቀድም። እያንዳንዱ ስልጠና ቤት ይህን መስመር ቢይዝ ደስ ይለኛል።

ተፈጥፍጦ ራሱን የሳተ ሰው ላይ ውኃ መድፋት፣ ክብሪት ጭሮ ማሸተት፣ ክንዱን ስቦ ማስቀመጥ ትክክል አይደለም። አንገቱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። መተንፈሱን እያዩ፣ ጭንቅላቱ እንዳይንቀሳቀስ ይዞ የቀይ መስቀል አምቡላንስ መጥራት ነው፤ ቁጥሩ 907 ነው። ቢነቃና «ደህና ነኝ» ቢልም በዚያ ቀን ወደ ምንጣፉ አይመለስም። ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ ከባሰበት ወይም ንግግሩ ከተምታታ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት። በትልልቆቹ ውድድሮች የተዘረረ ተጋጣሚ ለሳምንታት እንዳይጋጠም ይታገዳል። የሰፈር ስልጠና ቤት ይህን የሚያስከብር ተቆጣጣሪ ስለሌለው፣ «ዕረፍት አድርግ» ማለት ያለበት ማስተሩ ነው።