የማይነካው ዴስክቶፕ፦ ፌዶራ ሲልቨርብሉና ዘመዶቹ

ፌዶራ ሲልቨርብሉ ላይ ተርሚናል (ኮማንድ የሚጻፍበትን መስኮት) ክፈቱና «ዩኤስአር» የሚባለው ፎልደር ውስጥ አንዲት ባዶ ፋይል ለመፍጠር ሞክሩ። እምቢ ይላል። የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚሰጠውን «ሱዶ» ብላችሁ፣ ፓስዎርድ አስገብታችሁ ድገሙት። አሁንም እምቢ። ቦታው ለማንበብ ብቻ ነው ይላችኋል። በገዛ ላፕቶፕ ላይ እንደ ተከራይ «ግድግዳው ላይ ምስማር እንዳትመቱ» መባል መጀመሪያ ላይ ያናድዳል።

ሲልቨርብሉ ፌዶራ የሚባለው የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አንዱ ዓይነት ነው። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ያው ጂኖም የሚባለው ዴስክቶፕ ነው፤ ልዩነቱ ከስር ነው። የተለመደው ሊኑክስ የብዙ ፓኬጆች ድምር ነው። (እዚህ ፓኬጅ ስል የሶፍትዌሩን ነው፤ የቴሌውን ኋላ እመጣበታለሁ።) አፕዴት ሲደረግ ፓኬጆቹ አንድ በአንድ፣ ኮምፒውተሩ እየሠራ እያለ፣ በነበሩበት ይተካሉ። መሀል ላይ ከተቋረጠ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ የሆነ ሲስተም ይቀራል። እኔ ላይ ደርሷል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ ትልቅ አፕዴት ለቅቄ ቡና ላፈላ ስነሳ መብራት ሄደ። መብራቱ ማታ መጣ። ላፕቶፑ ግን ጥቁር ስክሪን ላይ ጥቂት መስመር ጽፎ ቀጥ አለ።

ሲልቨርብሉ ሲስተሙን እንደ አንድ ሙሉ ዕቃ ነው የሚይዘው። አዲሱ አፕዴት የሚዘጋጀው እየሠራችሁበት ካለው ጎን ነው፤ ያለው አይነካም። ሪስታርት ስታደርጉ ወይ ሙሉ በሙሉ ወደ አዲሱ ትገባላችሁ፣ ወይ ባላችሁበት ትቆያላችሁ። መሀል ቤት የለም። ዝግጅቱ ሳያልቅ መብራት ቢሄድ፣ ሲመለስ የሚነሳው ጠዋት የተዋችሁት ሲስተም ነው።

ይህን የሚሠራው ኦኤስትሪ የሚባል መሣሪያ ነው። ኮሊን ዋልተርስ በ2011 የጀመረው ጂኖምን በየጊዜው እየገነቡ ለመሞከር ነበር። ፕሮግራመሮች የኮዳቸውን እያንዳንዱን ለውጥ ጊት በሚባል መሣሪያ እንደሚይዙት፣ ኦኤስትሪ ሙሉውን ሲስተም በየቨርዥኑ ይይዛል። ሁለት ቨርዥኖች ላይ ተመሳሳይ የሆነ ፋይል ዲስክ ላይ የሚቀመጠው አንዴ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ማስቀመጥ የዲስኩን እጥፍ አይበላም። ከፌዶራ ጀርባ ያለው ኩባንያ ሬድ ሃት በ2014 ይህን አሠራር ኮንቴነር (ከዋናው ሲስተም ተለይቶ የሚሠራ ሳጥን) ለሚያስኬዱ ሰርቨሮች «ፕሮጀክት አቶሚክ» ብሎ ይዞት ወጣ። ኋላ ወደ ዴስክቶፕ ተሻገረ፤ በ2018 ደግሞ ሲልቨርብሉ የሚለውን ስም አገኘ።

የዚህ ዓይነቱ ሲስተም በብዛት የሚጠራው «ኢሚዩተብል»፣ የማይለወጥ እየተባለ ነው። ቃሉ ትንሽ ያሳስታል። ሲስተሙ ይለወጣል፤ በየአፕዴቱ ይለወጣል። የማይፈቀደው እየሠራ እያለ እጅ መክተት ነው። ፌዶራዎችም ይህን አይተው በ2024 ቤተሰቡን «አቶሚክ ዴስክቶፕስ» ብለው ሰየሙት። እኔ «የማይነካ» ማለቱ ይቀናኛል።

ደግሞም ሁሉም ነገር የተቆለፈ አይደለም። የማስተካከያ ፋይሎች ያሉበት «ኢቲሲ» ይጻፍበታል። «ቫር»ም እንዲሁ። የግል ፎልደራችሁ ራሱ በእውነቱ የሚኖረው «ቫር» ስር ነው።

ታዲያ አፕ የሚጫነው እንዴት ነው? ሦስት በር አለ። የትኛው ነገር በየትኛው በር እንደሚገባ ማወቅ ነው ዋናው ሥራ።

የመጀመሪያው ፍላትፓክ ነው። ብራውዘር፣ ቪዲዮ ማጫወቻ፣ ሊብረኦፊስ፣ ቴሌግራም፣ በአጠቃላይ መስኮት ያለው ነገር ሁሉ ፍላትሃብ ከሚባለው መደብር ይወርዳል። ከሲስተሙ ጋር ስለማይቀላቀል ሪስታርት አይፈልግም። ብዙ ሰው ከዚህ በር አልፎ መሄድ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ኮንቴነር ነው፤ እኔን የማረከኝም ይሄ ነው። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ኮምፕይለር ይፈልጋል፣ ዳታቤዝ ይፈልጋል፣ አንዴ ሞክሮ የሚጥለው አሥር ነገር ይፈልጋል። ግቢ ውስጥ ዋናው ቤት ንጹሕ ሆኖ የሚቆየው እንጀራው ጓሮ፣ ጭስ ቤት ስለሚጋገር ነው። ኮንቴነሩ ጭስ ቤታችሁ ነው። ሲልቨርብሉ ላይ አብሮ የሚመጣው መሣሪያ ቱልቦክስ ይባላል፤ ከስሩ የሚሠራው ኮንቴነሮችን የሚያስኬደው ፖድማን ነው። «ቱልቦክስ ክሬት» ብላችሁ ትሠሩታላችሁ፣ «ቱልቦክስ ኢንተር» ብላችሁ ትገባላችሁ። ተርሚናሉ ላይ ትንሽ ወይን ጠጅ ቅርጽ ብቅ ስትል ውስጥ መሆናችሁን ታውቃላችሁ። ከዚያ በኋላ ያው የለመዳችሁት ፌዶራ ነው፤ «ዲኤንኤፍ» በሚለው የፌዶራ መጫኛ ኮማንድ የፈለጋችሁትን ጫኑ። ሲያስጠላችሁ ኮንቴነሩን ደምስሱት። ዋናው ቤት ጭሱ አልሸተተውም። የሌሎቹ ሊኑክሶች፣ የኡቡንቱ ወይም የአርች፣ ጭስ ቤት ያማራችሁ እንደሆነ ዲስትሮቦክስ የሚባል አለ፤ እሱ ኮንቴነር ውስጥ ያለውን አፕ ከዋናው ሜኑ ላይ እንዲታይም ያደርጋል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ቱልቦክስ ውስጥ የምታዩት የግል ፎልደር ያው የራሳችሁ ነው፤ ቅጂ አይደለም። «ኮንቴነር ውስጥ ነኝ፣ ምን ይሆናል» ብላችሁ እዚያ ሆናችሁ ፎቷችሁን ብታጠፉ፣ ጠፋ።

ሦስተኛው በር መደረብ ነው። ኮንቴነር የማይመቸው ነገር አለ፦ የኤንቪዲያ ድራይቨር፣ አንዳንድ የፕሪንተር ድራይቨር፣ ቪፒኤን፣ ከሲስተሙ ጋር አብሮ መነሳት ያለበት ነገር። እነዚህን «አርፒኤም-ኦኤስትሪ ኢንስቶል» ብላችሁ ከመሠረቱ ላይ ትደርባላችሁ። ውጤቱ በመደበኛው መንገድ የሚታየው ከሪስታርት በኋላ ነው። ደግሞ ዋጋ አለው። አፕዴት በመጣ ቁጥር የደረባችሁት ሁሉ ከአዲሱ መሠረት ጋር እንደገና ይገጣጠማል፤ ብዙ ከሆነ ይንቀራፈፋል። ከፌዶራ ውጪ የመጣ ፓኬጅ ከአዲሱ ጋር አልስማማ ካለ ደግሞ አፕዴቱ ይቆማል። ሲስተሙ አይሰበርም፤ ያ ፓኬጅ እስኪስተካከል ወይም እስኪነሳ ድረስ ግን አሮጌው ላይ ትቀመጣላችሁ። ከኡቡንቱ የመጣ ሰው ሁሉንም ነገር በዚህ በር ማስገባት ይወዳል። በኋላ «ይሄ ሲስተም ቀርፋፋ ነው» ይላል።

አፕዴቱ ራሱ ጣጣ ይዞ ሲመጣስ? ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከሚመጣው ሜኑ አሮጌውን መርጦ መግባት ነው። ዋይፋዩ ጠዋት እምቢ ቢል፣ ትናንት ይሠራ ወደነበረው ለመመለስ አንድ ሪስታርት ይበቃል። በዚያው ለመጽናት «ሮልባክ» የሚል ኮማንድ አለ። የወደዳችሁትን ቨርዥን እንዳይጠፋ በ«ፒን» መቸንከርም ይቻላል። ሮልባክ ግን ባካፕ አይደለም። ሲስተሙን ይመልሳል እንጂ የግል ፋይላችሁን አይመልስም።

ወደ ቴሌው ፓኬጅ ልምጣ። ኦኤስትሪ የሚያወርደው የተለወጡትን ፋይሎች ብቻ ስለሆነ በዳታ ለሚኖር ሰው መጥፎ አይደለም። የሚጎዳው ፍላትፓክ ነው። የመጀመሪያው አፕ የሚቆምበትን መደብ ይዞ ስለሚወርድ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ይጠይቃል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ያንኑ መደብ ከተጋሩ ይቀላሉ።

ዘመዶቹ ብዙ ናቸው። ኬዲኢ ለሚባለው ሌላ ዴስክቶፕ ወዳጆች ኪኖይት አለ። የቫልቭ ስቲም ዴክ ላይ ያለው ስቲምኦኤስም የማይነካ ነው፤ መሠረቱ ግን አርች ነው። ኦፕንሱዜ ኤዮን ተመሳሳዩን ነገር ቢቲአርኤፍኤስ በሚባለው የፋይል ሲስተም ስናፕሾት (የቅጽበት ቅጂ) ያደርገዋል። ብሉፊንና ለጌም የተሠራው ባዛይት ፌዶራን ይዘው ድራይቨሩንና ኮዴኩን (ቪዲዮና ድምፅ ለማጫወት የሚያስፈልገውን) ቀድመው ጨምረው፣ ሙሉውን ሲስተም እንደ ኮንቴነር ምስል ያቀርቡታል። ለጀማሪ እነዚህ ይቀላሉ፤ መደረብ ብዙም አያስፈልግም። አፕዴታቸው ግን ከበድ ይላል፤ ዳታ ለሚቆጥር ሰው እሱ ወሳኝ ነው።

ስለ አማርኛ ፊደልም ልበል። አቢሲኒካን ወይም ሌላ የግዕዝ ፎንት ለመጨመር ስለፈለጋችሁ ፓኬጅ መደረብ የለባችሁም። ፋይሉን የግል ፎልደራችሁ ውስጥ ካለው የፎንት ቦታ ላይ መገልበጥ በቂ ነው፤ ፍላትፓክ አፖችም ያዩታል። እኔ ይህን ሳላውቅ ፎንት ደርቤ፣ አንድ ዓመት ሙሉ በየአፕዴቱ እያስገጣጠምኩ ኖሬያለሁ።