አንዱ እንጀራ ስንት ያወጣል? ስለ ቋሚና ተለዋዋጭ ወጪ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ደብረ ማርቆስም ሆነ ቡሬ፣ እንጀራ ጋግሮ ለሆቴልና ለሱቅ የሚያስረክብ ሰው “አንዱ ስንት ያወጣል?” ቢባል የጤፉን ዋጋ ይነግራችኋል። ምናልባት ወፍጮውን ይጨምር ይሆናል። የቀረው “ያው እንግዲህ ትንሽ ትንሽ ወጪ አለ” ተብሎ ይታለፋል። መሸጫ ዋጋውም በዚሁ ግምት ይተመናል። ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ እንያቸው። ቁጥሮቹ ለማሳያ ናቸው፤ በራሳችሁ ተኩባቸው።

“ቋሚ ወጪ የማይለወጥ ወጪ ነው”

አከራይ ኪራይ ሲጨምር ያላየ ማን አለ? ቋሚ የተባለው ከሽያጩ ጋር ስለማይወጣና ስለማይወርድ ነው። አንድም እንጀራ ሳትሸጡ ብትውሉ ኪራዩ፣ የወር ደመወዙ፣ የዘበኛው ብር አይቀርም። በእኛ አካባቢ መንገድ ተዘግቶ ገበያ የሚቀዘቅዝበት ሳምንት ብርቅ አይደለም፤ አከራዩ ግን ወሩን ይቆጥራል። ጤፉ፣ ወፍጮው፣ ማሰሻው፣ ፌስታሉና የባጃጁ ሂሳብ ተለዋዋጭ ናቸው፤ ካልጋገራችሁ አይወጡም።

ቋሚውም ቢሆን ገደብ አለው። ያሏችሁ ሁለት ምጣዶች ከሚችሉት በላይ ትእዛዝ ከመጣ ሦስተኛ ምጣድና ተጨማሪ ጋጋሪ ያስፈልጋል። ያኔ ወጪው ቀስ እያለ አይጨምርም፣ በአንዴ ይዘላል።

“ከኪሴ ካልወጣ ወጪ አይደለም”

ይሄኛው ጎጃም ውስጥ ሥር የሰደደ ነው። ጤፉ ቢቸና ካሉ ቤተሰቦች ይመጣል፣ ቤቱ የራስ ነው፣ የምትጋግረው እህት ናት። “እኔ ምን ወጪ አለብኝ?” ይባላል። ያ ጤፍ እኮ ገበያ ቢወጣ ብር ነው። ቤቱ ቢከራይ ብር ያመጣል። እህትየው ሌላ ቦታ ብትቀጠር ደመወዝ አላት። ሁሉንም በገበያ ዋጋ መዝግቡት። አለበለዚያ ትርፍ ያላችሁት የቤተሰብ ድጎማ ሊሆን ይችላል፤ እህት ትዳር ይዛ የሄደች ዕለት ነገሩ ይገለጣል።

ጥር ላይ ገዝታችሁ ያስቀመጣችሁት ጤፍም እንደዚሁ ነው። አዝመራው በገባ ሰሞን ዋጋው ረከስ ይላል፣ ክረምት ላይ ይወደዳል። የሐምሌን እንጀራ በጥር ዋጋ ካሰላችሁት፣ ጤፉ ሲያልቅ በሸጣችሁበት ብር ያንኑ ያህል መልሳችሁ አትገዙም።

“ከኩንታሉ ስንት እንጀራ እንደሚወጣ አውቀዋለሁ”

የተጋገረውን ነው የተሸጠውን? ምጣዱ ሲሟሽ የሚበላሸው የመጀመሪያው እንጀራ አለ። ሲወጣ የሚቀደድ አለ። ሆቴሉ “ዛሬ ይብቃን” ብሎ የሚመልሰውና ድርቆሽ የሚሆነው አለ። የጤፉን፣ የወፍጮውንና የማሰሻውን ወጪ በተሸጠው ቁጥር አካፍሉት። ድርቆሹ ከተሸጠ ገቢውን ለብቻ ያዙት።

“መብራት ተለዋዋጭ ወጪ ነው፣ አለቀ”

መብራት ቅይጥ ነው። ምንም ባትጋግሩም ወርኃዊ የአገልግሎት ክፍያ አለ፤ አምፖሉና ፍሪጁም አሉ። ከፍሎ ለማየት የጋገራችሁበትን ትልቁንና ትንሹን ወር አወዳድሩ። በብር ሳይሆን ቆጣሪው ባነበበው ኪሎዋት ሰዓት ይሁን፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ታሪፉ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ስለሆነ ብር ለብር ማወዳደር ያሳስታል።

እንበል ታኅሣሥ ላይ 6,000 እንጀራ ተጋግሮ 1,300 ኪሎዋት ሰዓት ፈጀ። ነሐሴ ላይ 4,000 ተጋግሮ 900 ፈጀ። ልዩነቱ 2,000 እንጀራና 400 ኪሎዋት ሰዓት ነው። 400ን ለ2,000 ስታካፍሉ ለአንድ እንጀራ 0.2 ይደርሳል። 6,000 ሲባዛ በ0.2 ደግሞ 1,200 ነው። ከ1,300 የቀረችው 100 ናት ቋሚዋ። ሁለቱንም በያዝነው ታሪፍ አባዙ፣ የአገልግሎት ክፍያውን ቋሚው ላይ ደምሩ። ስልኩን፣ የራሳችሁ ባጃጅ ካለም ነዳጁን በዚሁ መንገድ መለየት ይቻላል። ፍጹም ትክክል ባይሆንም “ትንሽ ትንሽ ወጪ አለ” ከማለት በብዙ ይሻላል።

“ደመወዝ ማለት እጅ ላይ የምሰጠው ነው”

በወር የቀጠራችሁት ሠራተኛ ጡረታ ካለው አሠሪው 11 በመቶ ከራሱ ይጨምራል። ከሠራተኛው የሚቆረጠው 7 በመቶ ሌላ ነው። በቀን ወይም በምጣድ የምትከፈል ጋጋሪ ግን ተለዋዋጭ ወጪ ውስጥ ነች።

“የአንዱን ወር ወጪ በ12 ባባዛው የዓመቱ ይሆናል”

የንግድ ፈቃድ ማሳደሻና የዓመት ግብር በየወሩ አይመጡም። ምጣድም የሚቃጠለው ቀጠሮ ይዞ አይደለም። እነዚህን ደምራችሁ ለ12 አካፍሉና በየወሩ ለብቻ አስቀምጡ። ሽያጩም ወር ከወር አይመሳሰልም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሥጋ ቤት ያለው ሰው የሚያዝያን ወጪና ገቢ ይዞ መጋቢትን ሊገምት አይችልም። ጳጉሜንም አትርሱ። ኪራይና ደመወዝ አብዛኛውን ጊዜ ለጳጉሜ ለብቻ አይከፈልም፣ የቀን ሠራተኛ ግን ቀኑን ይቆጥራል። ለነጋዴ የተመረቀች ሳምንት ናት ማለት ነው።

“ዋናው ብዙ መሸጥ ነው”

አንዱ እንጀራ 17 ብር ተለዋዋጭ ወጪ እያለበት ለሆቴል በ16 ከተሰጠ፣ በሸጣችሁ ቁጥር አንድ ብር ትከስራላችሁ፤ ሺህ ስትሸጡ ሺህ ብር። ደንበኛ ላለማጣት ሲባል ይሄ ሲደረግ አያለሁ።

በ22 ብር ሸጣችሁ እንበል። ከአንዱ 5 ብር ይተርፋል። የወሩ ቋሚ ወጪ 30,000 ከሆነ 30,000 ለ5፣ ማለትም 6,000 እንጀራ እስኪሸጥ ድረስ ትርፍ የሚባል የለም። አሁን ጤፍ ተወደደና የአንዱ ወጪ 18 ገባ። የሚተርፈው 4 ብር ሆነ፣ ወጪን ለመሸፈን የሚያስፈልገው ደግሞ 7,500። አንዲት ብር 1,500 እንጀራ ጨመረች። ሁለቱ ምጣዶች ያንን ይችሉት እንደሆነ ጋጋሪዋን ጠይቋት።