«ልጄ ምሳ አይበላም» ለምትሉኝ ሁሉ

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ፣ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ክፍል መሥራት ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ። በቀን ደጋግሜ የምሰማው አንድ ነገር ነው። «ሲስተር፣ ልጄ ምሳ አይበላም። ቫይታሚን ጻፊለት።» እናት ትላለች፣ አባት ይላል፣ አያት ትላለች። እኔ ደግሞ በሽሮፕ የምሳ ፍላጎት እንደማይከፈት ስናገር ውዬ አመሻለሁ። ዛሬ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

«ልጄ አይበላም»

ይበላል እኮ! ምሳው ሲቀርብ ጠግቦ ነው እንጂ።

ባለፈው ግንቦት ከሳቢያን ሰፈር አንዲት እናት የ4 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ልጁ ይሯጣል፣ ይጮኻል፣ ክብደቱ 14 ኪሎ ነው። ወረቀት ሰጠኋትና «ከእንቅልፉ ከነቃ ጀምሮ እስከ ምሳ አፉ የገባውን ሁሉ ጻፊ» አልኳት። ከ3 ቀን በኋላ ይዛው መጣች። የማክሰኞው እንዲህ ይላል። ጠዋት 1 ሰዓት፣ ሻይ በ3 ማንኪያ ስኳር፣ ከዳቦ ጋር። 4 ሰዓት፣ ብስኩት። 5 ሰዓት፣ አጎቱ ከሱቅ የገዛለት የታሸገ ጁስ። 5 ሰዓት ተኩል፣ አያቱ ከራሳቸው ብርጭቆ ያካፈሉት ሻይ። 6 ሰዓት ተኩል፣ ምሳ። «ሁለት ጉርሻ በልቶ ሄደ» ብላ ጽፋለች።

የትንሽ ልጅ ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ወደ 30 ሚሊ ሊትር ነው። ለ14 ኪሎ ልጅ ከሁለት ብርጭቆ አይበልጥም። ጁሱና ሻዩ የምሳውን ቦታ አስቀድመው ይዘውታል፤ ስኳሩ ደግሞ ረሃቡን ገድሎታል። ልጁ ጥፋት የለበትም።

ሻዩ ሌላም ጣጣ አለው። ሻይ ውስጥ ያለው ታኒን በምስሩ፣ በሽሮው፣ በጎመኑ ውስጥ ካለው ብረት ጋር ይጣበቅና ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋል። ምሳ ላይ ሻይ የሚጠጣ ልጅ ምስሩን ቢበላም ከብረቱ ብዙውን አያገኝም። በሻዩ ፋንታ ሎሚ ጨምቁበት፣ ወይም ከምሳው በኋላ ዘይቱን (ጉዋቫ) ወይም ብርቱካን ስጡት። ቫይታሚን ሲ ብረቱ ወደ ደም እንዲገባ ያግዛል።

የዚያን ልጅ አያት በሚቀጥለው ቀጠሮ አብረው መጡ። «እኔ ሰባት ልጅ ያሳደግሁት በሻይ ነው» አሉኝ። «እማማ፣ ያኔ ልጆችዎ ጠዋት ምን ይበሉ ነበር?» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡ። «የማሽላ ገንፎ በቅቤ፣ ወተትም ነበረን» አሉ። እንግዲህ ልጆቹን ያሳደገው እሱ ነው። ሻዩ አብሮ የነበረ ነገር ነው። እማማ አልተቀየሙኝም፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ከብርጭቋቸው ማካፈሉን ትተዋል።

ያደረግነው ነገር ቀላል ነው። 3 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ሙዝ። ከዚያ እስከ ምሳ ውሃ ብቻ። ድሬ ሙቀት ነው፣ ልጅ ይጠማዋል፤ ጥማቱን ውሃ ይቁረጠው። የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት ልጁ ቤቱን በለቅሶ አናወጠው፣ እናቱም ደውላ አለቀሰችብኝ። በሦስተኛው ሳምንት ግማሽ እንጀራ በምስር አልጫ በልቶ ሳህኑን ወደ ጓዳ ራሱ ይዞ ገባ። ሽሮፕ አልጻፍኩም።

ወተትም ቢሆን ልክ አለው። ከ1 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ በቀን ሁለት ብርጭቆ፣ ማለትም ግማሽ ሊትር ይበቃዋል። ጡጦ ይዞ የሚውል ልጅ ምሳ አይበላም።

አንድ ነገር ግን ልለይ። ክብደቱ እየቀነሰ ያለ፣ የሚያተኩሰው፣ የሚያስቀምጠው ወይም ድንገት ከጨዋታ የራቀ ልጅ ካላችሁ ይህ ጽሑፍ ለእሱ አይደለም። ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ አምጡት።

«ካልተገደደ አይበላም»

አፍንጫ ይዞ ማጉረስ ይቅር። አዲስ ምግብ ልጅ እስኪለምደው አሥር ጊዜና ከዚያ በላይ መቅረብ ሊኖርበት ይችላል። ሦስቴ አቅርባችሁ «አይወድም» አትበሉ።

«በየቀኑ የተለየ ምግብ መሥራት አልችልም»

ማን አዘዛችሁ? ስለ ተለያየ ምግብ ባወራሁ ቁጥር እናቶች የሚታያቸው አምስት ድስት ነው። ጠዋት ሥራ ገብታ በምሳ ሰዓት በባጃጅ እየበረረች የምትመጣ እናት አምስት ድስት ከየት ታመጣለች?

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳህኑ ላይ አንድ እህል ወይም ሥራ ሥር ይኑር። አንድ ጥራጥሬ፣ እንቁላል፣ አሣ ወይም ሥጋ ይኑር። አንድ ቀለም ያለው አትክልት ወይም ፍራፍሬ ይኑር። ትንሽ ዘይት ወይም ቅቤ ይጨመር። ድስቱ ያው የቤተሰቡ ድስት ነው። በርበሬው ከመግባቱ በፊት የልጁን ድርሻ በትንሽ ሳህን ቀንሱ፣ አለቀ።

ቅዳሜ ቀፊራ ገበያ ስትወጡ ስኳር ድንች፣ ካሮት፣ ፓፓያና የባቢሌ ኦቾሎኒ ያዙ። ሐረር ያላችሁ ደግሞ ሸዋ በር ገበያ አለላችሁ። ሰኞ፣ ምስር አልጫ ካሮት ተከትፎበት በእንጀራ። ማክሰኞ፣ ላሆህ (የሶማሌ ስስ እንጀራ) ላይ እንቁላል ተጠብሶ፣ ተጠቅልሎ፣ ከፓፓያ ጋር። አንድ እንቁላል ብቻውን 6 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጠዋል። ረቡዕ፣ ከሰኞ ምስር ፍሪጅ ውስጥ ካስቀራችሁ፣ አድርቃችሁ ቤት የተሠራ ሳምቡሳ ውስጥ ክተቱት። ሐሙስ፣ ሩዝ በጎመንና በባቄላ። የሰኞው ምስር ረቡዕ ሌላ ምግብ ሆኖ መጣ ማለት ነው፤ ልጁ አያውቀውም።

ዓርብ የኔ ቤት ተራ የስኳር ድንች ነው። ከነልጣጩ እቀቅለዋለሁ። ሹካ ሲገባበት «ጭስ» ብሎ እንፋሎት ሲያወጣ አወጣዋለሁ። ልጣጩ በጣት ይነሳል። ገና ትኩስ ሳለ እፈጨዋለሁ፤ ከቀዘቀዘ ይቋጠራል። የተቆላ ኦቾሎኒ በሙቀጫ አልሜ ሁለት ማንኪያ እጨምርበታለሁ፣ ጨው ቁንጥር። ልጄ ገና ሙቀጫው ሲጮህ ነው የምትመጣው። በትንሽ እጇ እያድቦለቦለች ራሷ ትበላዋለች፣ እኔም አላጎርስም። ኦቾሎኒውን ግን ለትንሽ ልጅ ሙሉ ፍሬውን እንዳትሰጡ፤ ያንቃል። ተወቅጦ መላም አለበት።

«ሩዝና ማካሮኒ ለልጅ ሆድ ይቀላል»

ስለቀለለ አይደለም የምንሰጠው፣ ስለሚፈጥን ነው። እኔም እሰጣለሁ። ባዶውን በዘይትና በጨው ሲሆን ነው ጥፋቱ። ምስር፣ እንቁላል ወይም የተፈጨ ሥጋ ጣል አድርጉበት።

«ማሽላ የድሮ ሰው ምግብ ነው»

ይቺ ታናድደኛለች። ሐረርጌን ያሳደገ እህል ነው። ብረት አለው፣ ቃጫ አለው። ሊጡ ሲቦካ ደግሞ ብረቱን አስሮ የሚይዘው ነገር ይቀንሳል፤ የቦካ የማሽላ እንጀራ ለልጅ ጥሩ የሚሆነው ለዚህ ነው። ዱቄቱን ከትንሽ ጤፍ ጋር ብትቀላቅሉት ይለሰልሳል። ከሱቅ ብስኩት በስንት ጣዕሙ!

«በፆም ድስቱ ይነካካል»

ይህን የምትለኝ ክርስቲያን እናት ናት። ሕፃናት እንደማይጾሙ ታውቃለች። ግን ለልጁ እንቁላል ከጠበሰች መጥበሻው የፍስክ ይሆናል ብላ ሁለት ወር ሙሉ እንቁላል ትተዋለች። መፍትሔው አንድ ትንሽ መጥበሻና አንድ ማንኪያ ለልጁ ብቻ መለየት ነው። እኔ ቤት እጀታው ቀይ የሆነ መጥበሻ አለ፤ ማንም አይነካውም።

በረመዳን ደግሞ ሙስሊም ጎረቤቶቼ ቤት ቀን ምድጃ አይለኮስም። ልጁ ምሳውን ከሱሁር፣ ከንጋት በፊት ከሚበላው ምግብ፣ የተረፈውን ይበላል። ምግቡ ጥሩ ነው፤ አቆያየቱ ነው የሚያሰጋኝ። የበሰለ ምግብ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ እንደ ድሬ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ ከ1 ሰዓት በላይ አይቆይም። ፍሪጅ ከሌላችሁ በእኩለ ቀን ለልጁ ብቻ አንድ እንቁላል ቀቅሉ። ከቴምርና ከሙዝ ጋር ምሳ ነው።

«የግመል ወተት ከፈላ ኃይሉ ይጠፋል»

አይጠፋም። ቫይታሚን ሲው ይቀንሳል፣ ፕሮቲኑና ካልሲየሙ እዚያው አለ። የሚጠፋው የብሩሴላ ጀርም ነው፤ እሱ ደግሞ ሕፃን አዋቂ ሳይል በተመላላሽ ትኩሳትና በመገጣጠሚያ ሕመም ወራት የሚያስተኛ ነው። ጥሬ ወተት ለልጅ አልፈቅድም፣ የማንም ግመል ይሁን።

«ጤናማ ምግብ ውድ ነው»

ልጃችሁ በሳምንት የሚጠጣውን የታሸገ ጁስና የሚበላውን ብስኩት ሒሳብ ደምሩ። በዚያው ብር ስንት እንቁላል እንደሚገዛ ባለሱቁን ጠይቁት። ያቺ የሳቢያን እናት ደምራ ነበር። ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባው ላይ አሳየችኝና «ሲስተር፣ በየቀኑ አንድ እንቁላል ይገዛል፣ የሙዝም ይተርፋል» አለችኝ።