ቦታ ጠበበ ተብሎ ተርቦ አይጋደምም

«ቦታው ጠባብ ነው፤ ትንሽ አጋድመህ አስገባው።» ፋብሪካው ያለ ተርቦ (በሞተሩ ጭስ እየዞረ ለሞተሩ አየር የሚገፋ መሣሪያ) በሠራው ባለ 6 ሲሊንደር የላንድ ክሩዘር ዋን ኤች ዜድ ሞተር ላይ ተርቦ ሊጨመር ሲል ይህች ምክር የማትሰማበት ጋራዥ ያለ አይመስልም። ተሳስታለች።

ተርቦ ሦስት ክፍል ነው፦ በጭስ በኩል ተርባይኑ፣ በአየር በኩል ኮምፕሬሰሩ፣ መሃል ዘንጉንና ዘይቱን የያዘው አካል። የተርባይኑና የኮምፕሬሰሩ ቤት ቡሎናቸው ሲላላ ይዞራሉ። የመሃሉ ግን አቋሙ የተወሰነ ነው። ዘይት የሚገባው በፓምፕ ግፊት ነው፤ ሲወጣ አረፋ ሆኖ በራሱ ክብደት ይወርዳል እንጂ የሚስበው የለም። ስለዚህ መውጫው ወደ ታች ማየት አለበት። ግድ ከሆነ ከቀጥታው እስከ 35 ዲግሪ ይታገሳል፤ ዘንጉ ደግሞ ከአግድም እስከ 15 ዲግሪ። ከዚያ ካለፈ ዘይቱ መሃል ላይ ያቁርና በዘንጉ ጫፎች ይሾልካል፤ መኪናው ሰማያዊ ያጨሳል። ያኔ «የተርቦው ሲል (ዘይት ማገጃው) አልቋል» ተብሎ አዲስ ተርቦ ይገዛል፤ እሱም ያጨሳል። ለነገሩ እዚያ ያለው ፒስተን ሪንግ የመሰለ የብረት ቀለበት እንጂ ላስቲክ ሲል አይደለም፤ የቆመ ዘይት እንዲያግድ አልተሠራም።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። የሁለቱንም ቤቶች ቡሎን አላልቶ ተርቦውን ማኒፎልዱ (ጭሱን ከሲሊንደሮቹ የሚሰበስበው ቱቦ) ላይ በሁለት ቡሎን ብቻ መያዝ። መሃሉን አዙሮ የዘይት መውጫውን ወደ ታች ማስተካከል። ከዚያ ኮምፕሬሰሩን ቱቦው ወደሚሄድበት ማዞር። ዝገት የያዘው ተርባይን በዝገት ማላቀቂያ ተነክሮ ዙሪያውን በለስላሳ መዶሻ መታ መታ ይደረጋል፤ ምላጩን ደግፎ መፈልቀቅ የለም፣ የታጠፈ ምላጭ ሚዛን ያጠፋል። ሲያልቅ ዘንጉ በጣት ይዞር፤ የትም መንካት የለበትም።

ዌስትጌቱ (ትርፍ ጭስ ተርባይኑን ሳይነካ እንዲያልፍ የሚከፈተው በር) ተርቦው ውስጥ የተሠራ ከሆነ አንድ ወጥመድ አለ። በሩን የሚከፍተው መግፊያ ብዙውን ጊዜ የሚታሰረው ኮምፕሬሰሩ ላይ ስለሆነ አብሮ ይዞራል፤ የመግፊያው ዘንግ ከበሩ ማንሻ ጋር ቀጥ ካላለ ይይዛል፣ ግፊቱም ይዛባል። ማሰሪያውን በአዲስ ቦታ መሥራት እንጂ ዘንጉን ማጠፍ መፍትሔ አይደለም። ይህ ሁሉ ተደርጎም አልገባ ካለ የሚለወጠው የማኒፎልዱ ፍላንጅ (ተርቦው የሚታሰርበት ገጽ) ነው።

ሌሎችም የተሳሳቱ የጋራዥ ምክሮች አሉ። «የዘይት መመለሻው ቱቦ ቀጭን ቢሆንም ያወርዳል።» አያወርድም። የውስጥ ስፋቱ ከ12.7 ሚሊሜትር አይነስ፣ መንገድ ላይ ሆድ አይኑረው፣ ኮፓው (የሞተሩ ታችኛው የዘይት ማጠራቀሚያ) ውስጥም ከቆመው ዘይት ከፍታ በላይ ይግባ። ተርቦው ከኮፓው በታች ከወረደ መሳቢያ ፓምፕ ግድ ነው።

«የተርቦውን የማቀዝቀዣ ውሃ ቀዳዳ ድፈነው።» ሞተር ሲጠፋ የቀረው ሙቀት ዘይቱን ወደ ከሰል ይለውጠዋል።

«የዘይት ቱቦው መጋጠሚያ ላይ ሲሊኮን ጨምርበት።» ትርፉ ተገንጥሎ የዘይቱን መንገድ ይዘጋል፤ ደረቅ ጋስኬት ይበቃል።

«አስነሳው፣ ዘይት ራሱ ይደርሳል።» ይደርሳል፣ ዘንጉ የሚዞርበት ቡሺ ከተፋቀ በኋላ። በመግቢያው ንጹህ ዘይት ይሞላ፣ ዘንጉ በእጅ ይዞር፣ ነዳጁ ተቆርጦ መመለሻው ዘይት እስኪያሳይ ድረስ በሞተሪኖ ይዞር።